እርድ፣ ዕጣንና የቆሰለ አንጀት

የአንጀት ብግነት ሲባል በዋናነት ሁለት ሕመሞች ይነሣሉ። ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ያለውን ማንኛውንም ክፍል ሊያጠቃ ይችላል፤ አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ደግሞ ትልቁን አንጀት ያቆስላል። በሁለቱም የሰውነት መከላከያ በገዛ አንጀቱ ላይ ይዘምታል። ሕመሙ ጋብ ብሎ ይከርምና መልሶ ያገረሻል። ዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚውጥ ሰው ፊቱን ወደ ዕፀዋት ቢያዞር አይፈረድበትም፤ ተመራማሪዎቹም አዙረዋል።

በብዛት ከተጠኑት አንዱ ለእርድ ቢጫ መልኩን የሚሰጠው ኩርኩሚን ነው። ወደ ደም በደንብ አይገባም፤ ይህ ለሌላ ሕመም እንቅፋት ቢሆንም፣ እዚያው አንጀት ውስጥ ስለሚቀር ለአንጀት ሕመም ይጠቅም ይሆናል። በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣ የጃፓን ጥናት ኮላይተሳቸው ጋብ ያለላቸው ሰዎች ከመደበኛ መድኃኒታቸው ጋር ስድስት ወር ወሰዱት። ከ43ቱ ያገረሸባቸው 2 ሲሆኑ፣ ኩርኩሚን ካልተሰጣቸው 39 ሰዎች ግን 8 ናቸው። በ2015 በወጣ ሌላ ሙከራ በቀን 3 ግራም ከወሰዱት 26 ታማሚዎች ለ14ቱ ሕመሙ ጋብ ሲልላቸው፣ የማስመሰያ እንክብል ከዋጡት 24 ግን ለአንድም ጋብ አላለለትም። ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ በቀን ግማሽ ግራም እንኳ በማይሞላ መጠን የተደረገ ሙከራም ፋይዳ አላሳየም።

እዚህ ላይ ወደ ጓዳ ጎራ እንበል። ከእርድ ዱቄት ውስጥ ኩርኩሚኑ 3 በመቶ ገደማ ነው። 3 ግራም ለማግኘት በየቀኑ 100 ግራም እርድ መብላት ሊኖርብን ነው፤ ይህም ሠላሳ የሻይ ማንኪያ ያህል ይሆናል። አልጫችን መልካም ምግብ ነው፣ መድኃኒት ግን አይደለም።

ዕጣን ለኛ ቅርብ ነው። በትግራይና በመተማ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ሙጫ ብግነትን የሚገታ ቦስዌሊክ አሲድ አለው። በክሮንስ ላይ የተሞከረው ግን የሕንዱ ዘመዱ ነበር፤ በጀርመን በ82 ታማሚዎች ላይ ለአንድ ዓመት ታቅዶ የተደረገው ሙከራ ከማስመሰያው የተሻለ ውጤት አላመጣም። የኛው ዛፍ በወጉ ሊፈተን ይገባዋል ባይ ነኝ።

ከሁሉ የሚያስደንቀውም የሚያስፈራውም ቺንግ ዳይ የተባለው የቻይና ሰማያዊ ዱቄት ነው። በጃፓን በቀን 2 ግራም ከወሰዱት የኮላይተስ ታማሚዎች 81 በመቶው ለውጥ ሲያሳዩ፣ ከማስመሰያው ቡድን 13.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሆኖም ዱቄቱን ከጥናቱ ውጭ በራሱ ሲወስድ የቆየ ሰው የሳንባ ደም ቧንቧ ግፊት ስለያዘው ሙከራው ከጊዜው በፊት ቆመ። የሚፈውስ ጉልበት ያለው ዕፅ የሚጎዳ ጉልበትም አለው።

በአገራችን ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከአሜባ ሊመጣ ይችላል፤ የአንጀት ቲቢም ክሮንስን እጅግ ይመስላል። ሕክምናቸው የየቅል ነው፤ መከላከያን የሚያዳክም የክሮንስ መድኃኒት ቲቢ ያለበትን ሰው ሊያባብስበት ይችላል። ስለዚህ ምልክቱ ያለብዎ ከዕፁ በፊት ይመርመሩ፤ በሽታዎ ታውቆ መድኃኒት ከጀመሩም አያቋርጡ፤ የሚወስዱትን ዕፅ ሁሉ ከነመጠኑ ለሐኪምዎ ይንገሩ።