በመኪና ሞተር መብረር፦ ተረቱና እውነታው

አገር ውስጥ ስለሚሠራ አውሮፕላን ወሬ ሲነሳ ሁለት ዓይነት ሰው አይጠፋም። አንዱ «ሞተሩ ከተገኘ ክንፍ መሥራት ምን ያቅታል?» ይላል። ሌላው «የመኪና ሞተር ይዞ ወደ ሰማይ? ሞትን መለመን ነው» ብሎ ጨዋታውን ይዘጋል። ካዛንቺስ ሳይፈርስ ከቤቶች ጀርባ ተሸጉጠው በነበሩ ጋራዦችም፣ ዛሬ ቂርቆስ ውስጥ በቀሩትም ሁለቱንም ሰምቻለሁ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የመጀመሪያው ነው፤ እጁ የተፍታታ ወጣት መካኒክ የሚያምነው እሱን ነውና።

ሁለተኛውን ቶሎ እንጨርሰው። የቮልስ ሞተር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ በግለሰቦች እጅ የተሠሩ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ሲያበር ኖሯል። እኛም ዘንድ በ2007 ዓ.ም ዜናው ዓለምን ያዳረሰው አስመላሽ ዘፈሩ፣ በሙያው የጤና ባለሙያ የነበረው ሰው፣ ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ ተምሮ በሠራት ኬ-570ኤ በተባለች አውሮፕላን ላይ የገጠመው የቮልስዋገን ሞተር ነበር። 570 ሥራው የፈጀበት ቀን ነው። የመጀመሪያው የበረራ ሙከራ እንዳሰበው ባይሆንም ሞተሩን የመረጠው ግን በዘፈቀደ አይደለም፤ ብዙዎች ሄደው ያዩት መንገድ ነው።

«ይህ ሕዝብ እኮ በ1928 ዓ.ም ፀሐይን የሠራ ነው» የሚል ክርክርም አለ። ፀሐይ የምንኮራባት አውሮፕላን ናት፤ ጥር 2016 ዓ.ም ከጣሊያን ስትመለስ የተደሰትኩት ከልቤ ነው። ለመኪና ሞተር ግን ምስክር አትሆንም። አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር መሪነት ሲሆን፣ የተገጠመላትም ለአውሮፕላን ተብሎ የተሠራ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው የቼኮዝሎቫኪያ ዋልተር ቬኑስ ሞተር ነበር። ሰባቱ ሲሊንደሮች እንደ ኮከብ ዙሪያውን ስለተደረደሩ አንዳንዱ «ሮታሪ» ይለዋል። አይደለም፤ የፀሐይ ሲሊንደሮች ባሉበት ይቆማሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበሩት ሮታሪዎች ደግሞ ሲሊንደሮቻቸው ከነፕሮፔለሩ አብረው ይሽከረከሩ ነበር። ዛሬ መኪና ወዳጆች ሮታሪ የሚሉት የማዝዳው ቫንከል ከሁለቱም ጋር አይዛመድም።

ቫንከልን ፈትቶ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው የሌለው ነገር ነው። ፒስተን የለም፣ ቢየላ የለም፣ ቫልቭ የለም። ጎኖቹ የጎበጡ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት በሞላላ ቤት ውስጥ ይዞራል፤ በየማዕዘኑ ጫፍ ደግሞ ግድግዳውን እየዳሰሰች ጭስና እሳቱን የምትለይ ቀጭን የብረት ማኅተም አለች። አውሮፕላን ሠሪዎች የወደዱት ይህን ቅለቱን ነው። «1.3 ሊትር ብቻ ስለሆነ ደካማ ነው» የሚለው ግምትም ስህተት ነው። 13ቢ የተባለው ባለ ሁለት ሮተር ሞተር በእያንዳንዱ የዘንግ ዙር ከሁለቱም ሮተሮች ጉልበት ስለሚያገኝ፣ የሚተነፍሰው አየር ከ2.6 ሊትር የፒስተን ሞተር ጋር ይስተካከላል። ያለ ተርቦ በ6,500 ዙር 146 የፈረስ ጉልበት የሰጠ ዓይነት አለው። «ቶሎ ይበላል» ለሚሉትም፣ ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1991 የሌማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው በባለ አራት ሮተር ቫንከል ነው። በአየርም ላይ እንግዳ አይደለም፤ ኤኤስኤች 26ኢ የተባለው የጀርመን ተንሸራታች አውሮፕላንና አርኪው-7 የተባለው የአሜሪካ ድሮን ሲበሩ የኖሩት በትንንሽ ቫንከሎች ነው።

እንግዲህ «ሞተሩ ከተገኘ አለቀ» የሚለው የሚወድቀው የት ላይ ነው? በመጀመሪያ፣ ማርሽ ላይ። 1.8 ሜትር ርዝመት ያለው ፕሮፔለር በደቂቃ 2,700 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሴኮንድ 254 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ጥሩ ነው። ቫንከሉ ጉልበቱን በሚያወጣበት 6,000 ዙር በቀጥታ ቢታሰር ግን ጫፉ 565 ሜትር ይደርሳል። ድምፅ ራሱ የሚጓዘው በ340 አካባቢ ነው። ያን ጊዜ ፕሮፔለሩ ከመጎተት ይልቅ ይጮኻል፤ ለመሰበርም ይቀርባል። ስለዚህ ዙሩን ከእጥፍ እስከ ሦስት እጥፍ የሚቀንስ ማርሽ በመሃል ያስፈልጋል። የመኪናው ካምቢዮ ደግሞ ለዚህ አልተሠራም። የሞተሩ ምት በከባዱ ፕሮፔለር ላይ እየነጠረ ሲመለስ ዘንጉን ይጠመዝዘዋል፤ በአንድ የተወሰነ ዙር ላይ ምትና ንዝረት ከገጠሙ የማርሹ ጥርስ ይረግፋል። ብዙ ገንዘብና ዕድሜ የሚበላው ሞተሩ ሳይሆን ይህ ክፍል ነው። ቮልስ በ3,000 ዙር አካባቢ በቂ ጉልበት ስለሚሰጥ አጭር ፕሮፔለር በቀጥታ ይታሰርበታል፤ ዕድሉም እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ ሙቀት። መኪና በሜዳ መንገድ ሲሄድ ከሞተሩ አቅም ጥቂቱን ብቻ ይጠቀማል። አውሮፕላን ሲነሳ ሙሉውን፣ ከዚያም ለሰዓታት ከ65 እስከ 75 በመቶውን ይጠይቃል፤ እንጦጦን ጋዙን ረግጦ ሲወጡ መዋል እንደማለት ነው። ቫንከል ደግሞ ከሚያስወግደው ሙቀት ቀላል የማይባለውን ክፍል በዘይቱ በኩል ስለሚሰጥ፣ ከውኃው ራዲያተር ሌላ ትልቅ የዘይት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። የጭሱም ሙቀት ከፍተኛ ስለሆነ ተራ ማርሚታ ቶሎ ይቃጠላል። «ቫንከል ማኅተሙ ቢሰበርም እያነከሰ ያደርሳል» ይባላል፤ እውነትነት አለው፤ ብዙ ጊዜ ጉልበቱ ይቀንሳል እንጂ ደርቆ አይቆምም። አንዴ ከፈላ ግን የሮተሩ ቤቶች ይጣመማሉ፣ በመካከላቸው ያሉት የጎማ ማኅተሞች ይበላሻሉ፤ ያን ጊዜ ሞተር ማውረድ ነው።

እነዚህን ሁሉ የሚያባብሰው ግን ከተማችን ራሷ ናት። በውጭ አገር ቪዲዮ አይቶ የሚነሳ ሰው ይህን ካላሰበ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ በሞቃት ቀን ከዚያም በላይ። ተርቦ የሌለው ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር እዚህ 32 ይሰጣል፤ ባለ 146ቱ ማዝዳም ወደ 115 ይወርዳል። የሳሳው አየር ጉልበቱን ቀንሶ አያቆምም፤ ፕሮፔለሩ የሚይዘው ያንሳል፣ ክንፉ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት፣ ስለዚህም ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል፣ በራዲያተሩ የሚያልፈው አየርም ተሸክሞ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ነገሩ ይፋጠናል። ተርቦ የጠፋውን ጉልበት ይመልሳል፤ በምትኩ ተጨማሪ ሙቀት ያመጣል።

«ሮታሪው በየሮተሩ ሁለት ካንዴላ ስላለው አንዱ ቢጠፋ ሌላው ያበራል» የሚለውም ያታልላል። በተለመደው የአውሮፕላን ሞተር ላይ ያሉት ሁለት ማግኔቶዎች ባትሪ ሳይፈልጉ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ብልጭታ ያመነጫሉ። የመኪናው ሁለት ካንዴላዎች ግን አንድ ባትሪና አንድ ኮምፒውተር ይጋራሉ፤ የጋራው ሽቦ ሲላቀቅ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሁለተኛ ባትሪና ሁለተኛ መስመር መዘርጋት ግድ ነው።

ሞተር ከጠፋ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ አይወርድም። ብዙዎቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች ከ1,000 ሜትር ከፍታ ተንሸራተው ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። ነገር ግን ከካዛንቺስ ፎቆች በላይ የሚያርፉበት ሜዳ የለም፤ የቦሌ አውሮፕላኖች የሚመላለሱበትም ሰማይ ቅርብ ነው። «የራሴን ሠርቼ ማን ይከለክለኛል?» የሚለው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ከመሬት ለመነሳት የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድና ምዝገባ ያስፈልጋል።

ፈቃድ የማይጠይቀው ሥራ መሬት ላይ ያለው ነው፤ ለወጣት መካኒክ የምመክረውም እሱን ነው። ሞተሩን ከነማርሹና ከነፕሮፔለሩ በኮንክሪት በታሰረ ብረት ላይ አጥብቆ፣ ሰው ከፕሮፔለሩ ትይዩ እንዳይቆም አርቆ፣ በእኩለ ቀን ሙቀት በሙሉ ጋዝ ማስኬድ፤ የውኃውንና የዘይቱን ሙቀት በየጥቂት ደቂቃው መጻፍ። ሲጠፋ የዘይት ፊልትሮውን ፍቅፋቂ በማይፈጥር መቁረጫ ከፍቶ ወረቀቱን ነጭ ጨርቅ ላይ መዘርጋትና የብረት ፍቅፋቂ መኖሩን በዓይንም በማግኔትም መፈተሽ። ፍቅፋቂ ከተገኘ ማርሹ ይፈታል፤ ካልተገኘ ዘይቱ ተቀይሮ ሙከራው ከመጀመሪያው ይደገማል።