አፈር የማይስማማው አበባ

በነቀምቴ ከተማ በከኒሳ ቀሴ የሚባል ሠፈር አለ። በከኒሳ በአፋን ኦሮሞ የብሳና ዛፍ መጠሪያ ነው። ከዛፍ ስም መነሣታችን የዛሬው እንግዳችን ኑሮው ዛፍ ላይ በመሆኑ ነው፤ እርሱም ኦርኪድ ነው። በኢትዮጵያ ከ160 የሚበልጡ የኦርኪድ ዝርያዎች ይገኛሉ። ከፊሎቹ በመሬት ላይ ሲበቅሉ፣ ሌሎቹ በደን ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከዓመታት በፊት ከተገዛ የማገዶ እንጨት ላይ አንድ ኦርኪድ አግኝቶ ነበር። ደግነት መስሎት በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ጥቁር አፈርና ፍግ ሞልቶ ተከለው፤ በየማለዳውም ውኃ አጠጣው። ወር ሳይሞላው ሥሩ ጠቁሮ በሰበሰ።

ጥፋቱ ምን ነበር? የዛፍ ላይ ኦርኪድ ሥር ቬላሜን በሚባል ስፖንጅ መሰል ሽፋን የተጠቀለለ ነው። ሽፋኑ የተሠራው ውስጣቸው ባዶ ከሆነ የሞቱ ሕዋሳት ነው። ዝናብ ሲመጣ ውኃውንና በውስጡ የሟሟውን ማዕድን በቅጽበት ይመጣል፤ ከዚያም በነፋስ ይደርቃል። ሥሩ ደረቅ ሲሆን ሕዋሳቱ አየር ስለሚሞሉ ብርማ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሲረጥብ ግን ሽፋኑ ብርሃን ያሳልፋልና ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ክሎሮፊል ብቅ ይላል። ስለዚህ ውኃ መቼ እንደሚያስፈልግ ሥሩ ራሱ ይነግረናል፤ ነጭ ከሆነ አጠጡ፣ አረንጓዴ ከሆነ ተዉት። በጣሳ አፈር ውስጥ የተቀበረ ሥር ግን አየር አጥቶ ይታፈናል።

ብዙ ሰው ኦርኪድን ከተቀጽላ ጋር ያምታታዋል። ተቀጽላ ሥሩን ወደ ዛፉ እንጨት ሰድዶ ምግብ ይሰርቃል። ኦርኪድ ግን ከዛፉ የሚሻው መቀመጫ ብቻ ነው።

ለቤት እንክብካቤ ተክሉን ሻካራ ቅርፊት ባለው እንጨት ላይ በቃጫ ወይም በአሮጌ የናይለን ካልሲ ቁራጭ ማሰር ይበቃል። ማለዳ ፀሐይ በሚያገኝ፣ የቀትር ፀሐይ በማይመታው በረንዳ ላይ ስቀሉት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ነቀምቴ ለደጋ ደን ዝርያዎች ትስማማለች። በክረምት ዝናቡ ሥራውን ይሠራል፤ የእናንተ ድካም ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በጋ ነው። ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ካለ ከሌላው ይመረጣል። በአበባ መሸጫዎች የሚታየው የእስያው ፋላኖፕሲስ ግን ሙቀት ወዳድ ነውና በነቀምቴ ሌሊት ከደጅ አይደር።

ዘሩንስ ለምን አንዘራም? የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ሲሆን፣ ለጽንሱ የሚሆን ስንቅ የለውም ማለት ይቻላል። በተፈጥሮ የሚበቅለው ተስማሚ ፈንገስ ገብቶ ሲመግበው ነው። ይህን ፈረንሳዊው ኖኤል በርናር እ.ኤ.አ. በ1899 ደረሰበት። አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1922 ስኳር በተጨመረበት አጋር ላይ ያለ ፈንገስ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። ይህ ግን ከጀርም የጸዳ ላቦራቶሪ ይጠይቃል፤ የጓሮ ሥራ አይደለም።

ከደን የተነቀለ ኦርኪድ በቀላሉ የማይተካው በዚህ ምክንያት ነው። ደኑም ቢሆን ሰላም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እርጥብ ደኖች የደን መቆራረጥና የቡና ልማት የዛፍ ላይ ኦርኪዶችን ብዝኃነት እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ለቡናው ጥላ ሲባል የሚመነጠሩት ዛፎች የኦርኪዶቹ ቤት ናቸው። ቡናውን የሚተክለው ገበሬ እንጀራው ነውና በእርሱ ላይ ለመፍረድ አንደፍርም። በዓለም አቀፍ ንግድ በኩል ሳይተስ የተባለው ስምምነት መላውን የኦርኪድ ቤተሰብ ይቆጣጠራል፤ ኢትዮጵያም ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ አባል ናት።

ስለዚህ በቁም ዛፍ ላይ ያለውን አትንኩ። ነፋስ የጣለው ቅርንጫፍ ወይም ለማገዶ የመጣ እንጨት ላይ ያለው ግን ካልተነሣ መሞቱ አይቀርም። ስታነሡት ሥሩን ከቅርፊቱ አትላጡ፤ እንጨቱን ከነተክሉ በመጋዝ ቁረጡት። ዕድል ቀንቷችሁ ያገኛችሁት ኤራንጊስ ብራኪካርፓ ከሆነ፣ ነጩ አበባው መዓዛውን የሚለቀው የሌሊት የእሳት ራቶችን ለመጥራት በምሽት ነውና ከመኝታ ቤት መስኮት አጠገብ ስቀሉት።