የክርስትና ስማቸው ማን ነበር?

ሐዋሳ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ውስጥ «አገርህ የት ነው?» ሲባል ብዙ ሰው የአያቱን አገር ይጠራል። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከቀደምት ሰፋሪዎቿ መካከልም ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩ። ስለዚህ የዘር ሐረጉን የሚፈልግ የልጅ ልጅ መጨረሻው አውቶቡስ ላይ መውጣት ነው። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጅ ተስፋ የሚያደርገው አያቱ የተጠመቁበት ደብር ያስቀመጠው ጽሑፍ ካለ እሱን ነው።

አየርላንዳውያንም የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. ደብሊን የሚገኘው የመንግሥት መዝገብ ቤት ሲቃጠል የቀድሞ የሕዝብ ቆጠራ መዛግብት አብረው ወደሙ፤ የካቶሊክ አጥቢያዎች የጥምቀት መዝገብ ግን በየደብሩ ስለነበር ተረፈ። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታቸው ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንተርኔት በነፃ ያሳየዋል። እነሱ ከትውልድ ትውልድ የማይለወጥ የቤተሰብ ስም አላቸው።

እኛ ዘንድ ስም በየትውልዱ ይለወጣል፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ሁለት ስም አለው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ ካህኑ የሚጠራቸው በክርስትና ስም ነው። ጸሎትም ፍትሐትም የሚደረገው በዚሁ ስም ነው። እቴጌ ጣይቱ በቤተ ክርስቲያን ወለተ ሚካኤል ነበሩ። ተፈሪ መኮንን ደግሞ የነገሡት በክርስትና ስማቸው፣ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነው። እንግዲህ አያትን በዓለማዊ ስማቸው ብቻ የሚፈልግ ሰው፣ ስማቸው ዓይኑ ሥር እያለ ሊያልፈው ይችላል።

የጥምቀቱን ቀን የሚያወጡት ደግሞ እናቶች ናቸው። አንዲት እናት «ወንድ ልጄን የወለድኩት ከአብዮቱ በፊት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው» ካሉ ነገሩ ግማሽ አልቋል። የዓመቱን ወንጌላዊ ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው፤ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። እንግዲህ ለአብዮቱ የሚቀርቡት 1964፣ 1960 እና 1956 ናቸው ማለት ነው። ማግስቱ ኅዳር 13 ስለሆነ፣ ያን ቀን አንድ ብለን ስንቆጥር አርባው ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል። ፍለጋው ከሦስት ዓመት ወደ ሦስት ገጽ ጠበበ።

የቀረው የትኛው ታቦትና የክርስትና አባት ወይም እናት ማን እንደነበሩ መጠየቅ ነው። አበ ልጅ የሆነ ቤተሰብ አይረሳም፤ ወረቀቱ በምስጥ ቢበላ እንኳ የክርስትና ልጅ ወገን ያስታውሳል። ስለዚህ ጎጃምም ይሁን ወሎ፣ ትኬት ከመቁረጥ በፊት አያት አጠገብ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።