ዘርን ከቆመ ዛፍ ላይ መልቀም፤ የዘር ለቃሚው ሥራና ጥንቃቄው

መግቢያ

በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ በብዛት የሚታየው ዛፍ ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ግን በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በሰበታ በኩል እንዳለው መናገሻ ሱባ በመሳሰሉ ጥብቅ ደኖች ተወስነው ቀርተዋል። የሱባ ጽድ በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደ ተተከለ በትውፊት ይነገራል።

የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የችግኝ ጣቢያዎች የአገር በቀል ዛፎችን ዘር በብዛት ይፈልጋሉ። ጽድና ዝግባ ከ30 ሜትር በላይ ሊያድጉ ስለሚችሉ፣ ጥሩ ዘር ለማግኘት ብዙ ጊዜ ሰው መውጣት አለበት። ይህ ጽሑፍ የዘር ለቃሚውን የዕለት ሥራ ገልጾ፣ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሊያደርጉ የሚገባውን ያመለክታል።

በመሬት ላይ የሚጠናቀቅ ሥራ

የዘር ለቃሚው ቀን የሚጀምረው ዛፉን ዙሮ በማየት ነው። አብዛኛውን አደጋና አብዛኛውን ከንቱ ድካም ማስቀረት የሚቻለውም በዚህ ጊዜ ነው።

1. ሴቴውን ዛፍ መለየት። ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ወንዴና ሴቴያቸው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው። ወንዴ ዛፍ ላይ የወጣ ሰው ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ ባዶ ጆንያ ይዞ ይወርዳል። የሴቴው ኮሶ አበባ ቀላ ያለ ነው። በጽድም ፍሬ የሚታየው በሴቴው ላይ ብቻ ነው።

2. ፍሬውን ቆርጦ ማየት። የጽድ ፍሬ ሲበስል ከአረንጓዴነት ወደ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይለወጣል። ይሁን እንጂ ውጭው በስሎ ውስጡ ባዶ ወይም በነፍሳት የተበላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሜንጦ ባለው ረጅም ዘንግ ጥቂት ፍሬ አውርዶ በምላጭ መሰንጠቅ ይገባል። ውስጡ ነጭና ጠንካራ ካልሆነ ዛፉን መተው ነው።

3. የዛፉን ጤንነት መመርመር። የደረቀ ቅርንጫፍ፣ የበሰበሰ ሥር፣ ስንጥቅ ወይም ንብ ያለበት ዛፍ አይወጣም። በለገጣፎ ከተማው እየሰፋ በመሄዱ ብዙ ዛፍ በቤቶችና በኤሌክትሪክ ሽቦ መካከል ቆሟል። ሽቦ አጠገብ ያለ ዛፍ ፍሬው ምንም ያህል ቢበዛ አይወጣም፤ የብረት ዘንግም አይዘረጋበትም።

4. እናት ዛፎችን ማብዛት። ከሁለትና ከሦስት ዛፍ ብቻ የተለቀመ ዘር የዘመዳሞች ዘር ይሆናል። ከተቻለ ከ25 ከማያንሱ፣ እርስ በርሳቸው ከ50 እስከ 100 ሜትር ከሚራራቁ ዛፎች መልቀም ይመረጣል።

ሳይወጡ ማግኘት ከተቻለ ደግሞ መውጣት አያስፈልግም። የኮሶ ዘለላ ብዙ ጊዜ በሜንጦ ይወርዳል። ቀጥ ብሎ ያደገ አንጋፋ ባሕር ዛፍ ለምሰሶ ወይም ለጣውላ በሚቆረጥበት ቀን ደግሞ ዘሩን ከወደቀው ዛፍ ላይ መልቀም ይቻላል።

ዛፉ ላይ

ለቃሚው የራስ ቁር፣ ወገብንና ጭንን የሚይዝ የደኅንነት ቀበቶ፣ ጠንካራ ገመድና ሁለት ማያያዣዎች ያስፈልጉታል። ሁለት የሆኑበት ምክንያት ቅርንጫፍ ሲያልፍ አንደኛውን ከመፍታቱ በፊት ሁለተኛውን እንዲያስር ነው። ከሁለት እጁና ከሁለት እግሩ ሦስቱ ምንጊዜም ዛፉን መያዝ አለባቸው። ማያያዣውን በግንዱ ዙሪያ ያስራል፤ እግሩንም ከቅርንጫፉ ጫፍ ሳይሆን ከግንዱ ሥር ያሳርፋል። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጤነኛ መስሎ በድንገት የሚገነጠል ስለሆነ በተለይ ሊጠነቀቅ ይገባል።

የብረት ጥፍር ያለው መውጫ ጫማ ግንዱን ስለሚያቆስልና ለበሽታ በር ስለሚከፍት ለእናት ዛፍ አይመከርም። ቅርንጫፍ ቆርጦ መጣልም እንዲሁ ነው፤ በጽድም በባሕር ዛፍም የሚቀጥለው ወቅት ፍሬ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ስለሚገኝ። ከፍሬውም ለወፎችና ለደኑ መተካት ከፊሉን መተው ያስፈልጋል። ንፋስ ሲነሳ፣ ዝናብ ሲያካፋ ወይም ነጎድጓድ ሲሰማ ወዲያው መውረድ ይገባል።

በመሬት ላይ ያለው ረዳት

ብቻውን የሚወጣ ለቃሚ አይኑር። ረዳቱ ሸራ ያነጥፋል፣ ሰውና ከብት ከሥር እንዳያልፍ ይጠብቃል፣ መሣሪያ በገመድ ይልካል። በቀበቶው ላይ ሳይንቀሳቀስ ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ስለሚችል፣ ወጥቶ ሊያወርደው የሚችል የሠለጠነ ሁለተኛ ሰውና ትርፍ ገመድ በአካባቢው መገኘት አለባቸው። የወደቀን ሰው ጎትቶ ማንሳት የአከርካሪ ጉዳትን ያባብሳል፤ አንገቱን ሳያንቀሳቅሱ እርዳታ መጥራት ይገባል።

የማኅበሩ ኃላፊነት

ማኅበራት ሊያስቡበት የሚገባው ዋና ጉዳይ የአከፋፈሉ ዘዴ ነው። ለቃሚው በኪሎ የሚከፈለው ከሆነ ንፋስ እያየ አይወርድም፤ ያልበሰለውን ከበሰለው ይቀላቅላል፤ ቅርንጫፍም ይቆርጣል። የዕለት አበል ቢቆረጥለትና ዘሩ ተሰንጥቆ ሲታይ ጥሩ ሆኖ ለተገኘው ጭማሪ ቢሰጠው፣ ሰውየውም ዛፉም ዘሩም ይጠበቃሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያስገድዳል። ስለዚህ ገመድና ቀበቶ ለቃሚው ከቤቱ ይዞ እንዲመጣ የሚጠየቅበት ዕቃ አይደለም። የናይለን ገመድ በፀሐይ ስለሚደክም በጥላ ይቀመጥ፤ ከእያንዳንዱ ሥራ በፊትም በእጅ እየዳሰሱ ይመርመሩት። የተበላ ገመድ ለጭነት ማሰሪያም ቢሆን ከዘር ለቃሚው ዕቃ ጋር አይቀመጥ።

ማጠቃለያ

ከዛፍ ለወረደው ዘር ዕለቱኑ የዛፉ ዓይነት፣ ቦታውና ቀኑ ተጽፎበት በሚተነፍስ ከረጢት ይቀመጥ። የባሕር ዛፍ ፍሬ ሸራ ላይ ሲሰጣ በጥቂት ቀናት ራሱ ተከፍቶ ዘሩን ያራግፋል። የልማት ሠራተኞች በአካባቢያቸው ያሉትን እናት ዛፎች አስቀድመው ቢመዘግቡና ምልክት ቢያደርጉባቸው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከደኑ አስተዳደር ፈቃድ ቢጠይቁ፣ ለቃሚው የሚወጣባቸው ዛፎች ቁጥር ያንሳል፤ የሚያወርደው ጥሩ ዘር ግን ይበዛል። ለሥራው የተመደበ ሰው ማታ በደኅና ወደ ቤቱ መመለሱ ከማናቸውም የዘር መጠን በፊት ሊታሰብ ይገባል።