አሮጌው ላንድክሩዘር ወይስ አዲሱ ፒካፕ?

የቡና ሽያጭ ገንዘብ እጅ በሚገባበት ወቅት በሚዛን አማን፣ በቴፒና በሸዋ ቤንች መኪና ለመግዛት የሚያስቡ ነጋዴዎችና አርሶ አደሮች አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፤ ዕድሜ ጠገቡን ሀርድቶፕ ላንድክሩዘር ወይስ ቪጎና ሬቮ የተባሉትን አዳዲስ ፒካፖች? በውጭው ዓለም አሮጌ የስፖርት መኪና የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ስለወደደው ነው። በቡና አገር ግን ዋናው ጉዳይ መኪናው ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል የሚለው ነው።

ቶዮታ ባለ 70 ተከታታዩን ላንድክሩዘር ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በኋላ የተገጠመለት 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነዳጅ የሚረጨው በሜካኒካል ፓምፕ በመሆኑ፣ ለምርመራ ኮምፒውተር አይሻም፤ ልምድ ያለው መካኒክ ሕመሙን ከድምፁ ይለያል። ይህ ታማኝነቱ ግን ባለቤቶችን ያዘናጋል። የታይሚንግ ቺንጊያው በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ሳይለወጥ ቀርቶ ከተበጠሰ፣ ፒስተንና ቫልቭ ተጋጭተው ሞተሩን ያበላሹታል። ሻጩ መቼ እንደተለወጠ ማስረጃ ከሌለው ገዥው ወጪውን ከዋጋው ላይ አስቀድሞ ያስብ።

ከሞተሩም በፊት ከሥር ገብቶ ሻንሲውን ማየት ይበልጣል። በዚህ ዝናባማ ምድር ጭቃ በሻንሲው ውስጥ ተጠራቅሞ ከውስጥ ያዝገዋል፤ በላዩ የተቀባው አዲስ ቀለም ደግሞ ዝገቱን ይሸፍነዋል። በትንሽ መዶሻ ቀስ ብሎ ሲመታ ጤነኛው ብረት ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ የታፈነ ነው። ሞተር ይታደሳል፤ የበሰበሰን ሻንሲ ግን በብየዳ ማዳን ዘላቂ አይደለም።

አዲሶቹ ፒካፖች ነዳጅ ይቆጥባሉ፤ በአስፋልት ላይም ይመቻሉ። ሆኖም ናፍጣውን በእጅግ ከፍተኛ ግፊት ስለሚረጩ፣ በጀሪካን ተቀምጦ ውኃ ወይም አቧራ የገባበት ነዳጅ ውድ የሆኑትን መርጫዎች ያበላሻል። ዘወትር ጅማና አዲስ አበባ ለሚመላለስ አዲሱ ይሻላል፤ ከአስፋልት ርቆ ወደ ገጠር ቀበሌ ለሚገባ ግን ጤነኛ ሻንሲ ያለው አሮጌው ይመረጣል።

አሮጌ ስለሆነ ርካሽ ይሆናል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን በከባድ ታክስ ሲያስወድድ፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያሉት ዋጋቸውን ይዘዋል። ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር በዓይን ይመሳከር።