ሙሉ ጥርስ ማስተከል፦ ከመጀመሪያው ምርመራ እስከ ቋሚው ጥርስ ያሉት ወራት

ጭሮ፦ ጥርሱን በሙሉ ያጣ ሰው በመንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚተከሉ ብሎኖች አማካኝነት እንደገና ማኘክ እንዲችል የሚያደርገው ሕክምና በኢትዮጵያም እየተሰጠ ይገኛል። ሕክምናው በተለምዶ «ኢምፕላንት» ተብሎ ይጠራል። ይሁን እንጂ «በአንድ ቀን አዲስ ጥርስ» በሚል የሚነገረው ማስታወቂያ የሕክምናውን መጀመሪያ እንጂ ሙሉ ሂደቱን አይገልጽም። ከምርመራው እስከ ቋሚው ጥርስ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ዓመት በላይ፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። በሬ ሸጦ ወይም የጫትና የቡና ገቢውን አጠራቅሞ ወደ አዲስ አበባ ለሚጓዝ የምዕራብ ሐረርጌ ነዋሪ ይህን የጊዜ ሰሌዳ አስቀድሞ ማወቅ ገንዘቡንም ጤናውንም ከኪሳራ ይጠብቅለታል።

ኢምፕላንት ምንድን ነው?

ኢምፕላንት ከታይታኒየም የሚሠራ፣ የተፈጥሮ ጥርስን ሥር የሚተካ አነስተኛ ብሎን ነው። ስዊድናዊው ተመራማሪ ፐር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጥንቸል አጥንት ላይ ጥናት ሲያካሂድ ታይታኒየሙ ከአጥንቱ ጋር ተዋሕዶ አልላቀቅ እንዳለው አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ዮስታ ላርሶን ለተባለ ስዊድናዊ በታችኛው መንጋጋው ላይ ኢምፕላንት ተከለ። ላርሶን እ.ኤ.አ. በ2006 ሕይወቱ እስኪያልፍ ድረስ ከ40 ዓመታት በላይ በዚያው ተጠቅሟል።

ጥርሱን በሙሉ ያጣ ሰው ለእያንዳንዱ ጥርስ አንድ ብሎን አያስፈልገውም። እንደ አጥንቱ ይዞታ በአንድ መንጋጋ ከ4 እስከ 6፣ አንዳንዴም እስከ 8 ብሎኖች ይተከሉና የጥርሱ ረድፍ እንደ ድልድይ በእነርሱ ላይ ይታሰራል። አጥንቱ በሳሳበት ሥፍራ የኋለኞቹን ሁለት ብሎኖች አዘንብሎ በ4 ብሎን ብቻ ሙሉ ረድፍ የመሸከም ዘዴ ደግሞ በፖርቱጋላዊው የጥርስ ሐኪም ፓውሎ ማሎ አማካኝነት በስፋት ታውቋል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት

የመጀመሪያው እርምጃ ምርመራ ነው። ሐኪሙ የመንጋጋውን አጥንት ከፍታና ስፋት፣ የነርቩን መሥመርና በላይኛው መንጋጋ በኩል ያለውን የአየር ክፍተት ለማወቅ ባለ ሦስት ገጽታ ራጅ ያስነሳል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ስኳሩ ቁጥጥር ሥር መሆኑን በምርመራ ማረጋገጥ ይኖርበታል። የደም ግፊት፣ ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች፣ ለአጥንት መሳሳት የሚወሰዱ መድኃኒቶች፣ ቀደም ሲል በመንጋጋ አካባቢ የተሰጠ የጨረር ሕክምናና ሲጋራ ማጨስ ከሐኪሙ ሊደበቁ አይገባም። የስኳርና የደም ግፊት ክትትሉን በጭሮም ሆነ በገለምሶ ባሉ ሆስፒታሎች አስቀድሞ መጀመር ይቻላል። ይህም ወደ አዲስ አበባ ሄዶ «ስኳርህን አስተካክለህ ተመለስ» ከመባል ያድናል።

የተበላሹ ጥርሶች ካሉ ይነቀላሉ። በአንዳንድ ታካሚዎች ብሎኑ ጥርሱ በተነቀለበት ዕለት ሊተከል ይችላል። በሌሎች ግን ቁስሉ እስኪድን ከ2 እስከ 3 ወር መጠበቅ ግድ ይላል። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ አጥንቱ ሥራ ስለሚፈታ መሳሳት ይጀምራል፤ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ብቻ የስፋቱን ግማሽ ያህል ሊያጣ ይችላል። ስለዚህም ጥርሱን ካጣ ብዙ ዓመታት ያለፉት ሰው የአጥንት መሙያ ሊያስፈልገው ይችላል። መሙያው እስኪጠነክር ከ4 እስከ 9 ወር ይታከልበታል። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ተመርምረው አንደኛው በስድስት ወር፣ ሌላው በዓመት ከመንፈቅ የሚጨርሱበት ዋነኛ ምክንያትም ይኸው ነው።

የቀዶ ሕክምናው ዕለትና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው በአካባቢ ማደንዘዣ የሚከናወን ሲሆን ለአንድ መንጋጋ የተወሰኑ ሰዓታትን ይወስዳል። ታካሚው የመጫን ስሜት እንጂ ሕመም ሊሰማው አይገባም። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። የፊት መጥቆርም ሊታይ ይችላል። ስፌቱ በራሱ የማይሟሟ ከሆነ ከ7 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል።

በእነዚህ ቀናት ከባድ ሸክም ማንሳት፣ ማረስና መቆፈር ደም መፍሰስን ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ ለሌላ ቀን ይቆያሉ። ከሩቅ የመጣ ታካሚ በማግሥቱ አውቶቡስ ላይ ከመውጣት ይልቅ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት በክሊኒኩ አቅራቢያ ማሳለፉ ይመረጣል። የማይቆም ደም፣ ትኩሳት፣ መግል፣ ወይም ማደንዘዣው ከለቀቀ በኋላ የቀጠለ የከንፈርና የአገጭ መደንዘዝ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሐኪሙ መደወል ያስፈልጋል።

ሕመም የሌለባቸው ወሳኝ ወራት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ነው። ሕመሙ ጠፍቷል፣ እብጠቱ ወርዷል፣ አፉ የዳነ ይመስላል። ከድዱ ሥር ግን ሥራው ገና አልተጠናቀቀም። ብሎኑ በተተከለበት ቀን የሚይዘው በጥብቀቱ ብቻ ነው። በቀጣዮቹ ሳምንታት አሮጌው አጥንት ዙሪያውን እየተመጠጠ አዲስ አጥንት ይተካዋል፤ በመሆኑም ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ብሎኑ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ደካማ የሚሆንበት ወቅት አለ።

ነገሩ ከችግኝ ጣቢያ ወጥቶ ወደ ማሳ የተዛወረን የቡና ችግኝ ይመስላል። ቅጠሉ ለምለም ስለሆነ ብቻ ሥሩ አፈሩን ይዟል ማለት አይደለም፤ በዚያ ሰዓት የነቀነቁት ችግኝ አይጸድቅም። ብሎኑም በጭነት ከ0.15 ሚሊ ሜትር በላይ ደጋግሞ ከተነቃነቀ በአጥንት ፈንታ ለስላሳ ሥጋ ይከብበዋል፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ወልቆ እንደገና መጀመር ግድ ይሆናል። አጥንቱ ብሎኑን አጥብቆ እስኪይዝ በታችኛው መንጋጋ ከ3 እስከ 4 ወር፣ አጥንቱ ስስ በሆነበት በላይኛው መንጋጋ ደግሞ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጃል።

በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 8 ሳምንታት ምግቡ ለስላሳ መሆን አለበት። ገንፎ፣ ማርቃ፣ ሾርባ፣ ሽሮ፣ በደንብ የበሰለ ምስር፣ እንቁላል፣ ወተትና በወጥ የራሰ እንጀራ ይስማማሉ። ቆሎ፣ የበቆሎ እሸት ጥብስ፣ ሸንኮራ፣ ኦቾሎኒና ከአጥንት ላይ የሚጋጥ ሥጋ ይቆያሉ። በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም የሚጾም ሰው የመድኃኒት ሰዓቱና ቁስሉን የሚያድነው ምግብ እንዳይስተጓጎልበት ቀዶ ሕክምናውን ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ ማድረጉ ይሻላል።

ጫትና ሲጋራ

በዞኑ ጫት የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ከመሆኑም በላይ የዕለት ልማድ ነው። ጫት የሚቅም ሰው ቅጠሉን በአንድ ጉንጩ አምቆ ለሰዓታት ያኝካል። አጥንቱ ገና ላልያዘ ብሎን ይህ የማያቋርጥ ጭነት ነው። በቅጠሉ ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ አፍንም ያደርቃል። በበርጫ ላይ የሚወሰዱት ስኳርና ጣፋጭ መጠጦች፣ በተለይም ሲጋራ፣ ጉዳቱን ያባብሳሉ። ሲጋራ የኢምፕላንትን የመክሸፍ ዕድል ከፍ እንደሚያደርግ በጥናት የታወቀ ነው። የሚቅም ሰው ልማዱን ለሐኪሙ በግልጽ መንገር፣ በቀዶ ሕክምናው ዕለት ሳይቅም መቅረብና አጥንቱ እስኪይዝ ባሉት ወራት መታቀብ ይጠበቅበታል። ይህን ለመፈጸም እንደማይችል የሚያውቅ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ደግሞ ቢያስብበት ይመረጣል።

ጊዜያዊውና ቋሚው ጥርስ

«የአንድ ቀን ጥርስ» የሚባለው ጊዜያዊው ነው። ብሎኖቹ በተተከሉበት ሰዓት በቂ ጥብቀት ካገኙ በዚያው ዕለት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከፕላስቲክ የተሠራ ረድፍ ይታሰርባቸዋል። ለመናገር፣ ለመሳቅና ለስላሳ ምግብ ለመብላት ያገለግላል፤ ቆሎ ለመቆርጠም አልተሠራም። ጥብቀቱ በቂ ካልሆነ ታካሚው እስከዚያው በተነቃይ ጥርስ ይቆያል። አንዳንዴም ያለ ጥርስ የሚቆይበት ጊዜ ይኖራል።

አጥንቱ መያዙ ሲረጋገጥ ልክ ይወሰዳል፣ ንክሻው ይስተካከላል፣ ናሙናው በአፍ ውስጥ ይሞከራል፣ በመጨረሻም ከዚርኮንያ ወይም በብረት ከተደገፈ አክሪሊክ የተሠራው ቋሚ ረድፍ ይታሰራል። ይህ ምዕራፍ ከሦስት እስከ አምስት ቀጠሮ ሊጠይቅ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ሰ»ን እና «ፈ»ን ማውጣት ሊያስቸግር፣ ምራቅም ሊበዛ ይችላል። ምላስ ሲለምድ ችግሩ ይቃለላል።

ከዓመታት በኋላ

ተገቢው ክትትል ከተደረገላቸው ኢምፕላንቶች ውስጥ ከ10 ዓመት በኋላ ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት በቦታቸው እንደሚገኙ ጥናቶች ያሳያሉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ አይነቅዝም፤ ይሁንና በዙሪያው ያለው ድድና አጥንት በቆሻሻ ሳቢያ ሊመረቅዝና ሊበላ ይችላል። ሕመም ስለማይኖረው ብዙ ጊዜ የሚታወቀው አጥንቱ ከተጎዳ በኋላ ነው። መፋቂያ የጥርሱን ፊት ቢያጸዳም ከድልድዩ ሥር አይደርስም። ስለዚህ በየቀኑ በቀጭን ብሩሽ ወይም በወፍራም ክር ከሥሩ ማጽዳትና በየ6 ወሩ መታየት ያስፈልጋል። አክሪሊኩ ሊሰነጠቅ፣ ማሰሪያ ብሎኑም ሊላላ ስለሚችል የጥገና ወጪ እንደሚኖር ከወዲሁ ማሰብ ተገቢ ነው።

ጉዞው፣ ወጪውና የእርሻው ወቅት

ጭሮ ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከምርመራ እስከ ቋሚው ጥርስ 8 ምልልስ ቢያስፈልግ ጉዞው ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ከበዴሳ፣ ከገለምሶ ወይም ከሜጫራ ለሚነሳ ሰው ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ ከሕክምናው ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። ብሎኖቹ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ዋጋቸው ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተያያዘ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን መደረጉም ይታወሳል። በመሆኑም ዛሬ የተነገረ ዋጋ ከስድስት ወር በኋላ ለሚሠራው ቋሚ ጥርስም የሚጸና መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሰው ሠራሽ ጥርስን አይሸፍንም።

ለአርሶ አደሩ ጊዜውን ከእርሻው ጋር ማጣጣም ይቻላል። ለምሳሌ ምርመራው በመስከረም ተደርጎ ጥርሱ በጥቅምት መጀመሪያ ቢነቀል፣ ቁስሉ በመኸር ስብሰባ ወቅት ይድናል። ማሽላው ከታጨደ በኋላ በጥር ብሎኑ ይተከላል። ተጨማሪ የአጥንት መሙያ ካላስፈለገ ቋሚው ጥርስ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ሊደርስ ይችላል።

ሌላ አማራጭ አለ

ሁሉም ሰው ሙሉ ድልድይ አያስፈልገውም። ተነቃይ ጥርስ ዋጋው ዝቅተኛ ሲሆን በጥቂት ሳምንታት ይደርሳል፤ ችግሩ በተለይ የታችኛው መንሸራተቱ ነው። በመካከል ያለው አማራጭ በታችኛው መንጋጋ 2 ብሎን ብቻ ተክሎ ተነቃዩን ጥርስ በእነርሱ ላይ ማስያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰባሰቡ ባለሙያዎች የታችኛው መንጋጋ ጥርሱን በሙሉ ላጣ ሰው ይህ ዘዴ የመጀመሪያ ምርጫ እንዲሆን መክረዋል። ሌሊት ወልቆ ስለሚታጠብ ለማጽዳትም ይቀላል።

የትኛውንም አማራጭ የመረጠ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሐኪሙን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ የአጥንት መሙያ ያስፈልገኛል ወይ? በጠቅላላው ስንት ጊዜ እመላለሳለሁ? የተነገረኝ ዋጋ ጊዜያዊውንም ቋሚውንም ያጠቃልላል ወይ? ብሎኑ ባይይዝ ማን ይከፍላል? ሕክምናው ሲጠናቀቅም የብሎኑን የፋብሪካ ስምና መጠን የያዘ ካርድ ተቀብሎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የአንዱ ፋብሪካ ማሰሪያ ለሌላው ላይሆን ስለሚችል ከዓመታት በኋላ አንዲት ብሎን ስትላላ ሌላ ሐኪም መጠገን የሚችለው በዚያ ካርድ ላይ በተጻፈው መረጃ ነው።