ስለ አየር ሁከትና ስለ መለኪያው

በሌሊት ኮከብ ሲጣቀስ የሚያይ ሰው ብርሃኑ ከምንጩ የሚዋዥቅ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያ ብርሃን ምጡቁን ጠፈር ሳይናወጥ አቋርጦ ከመጣ በኋላ የሚታወከው፣ ወደ ምድር ሊደርስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረው፣ ሙቁና ቀዝቃዛው አየር እርስ በርሱ እየተደበላለቀ መንገዱን በየቅጽበቱ ሲያጣምምበት ነው። ይህ ለዓይን ደስ የሚያሰኝ መጣቀስ ለሥነ ፈለክ ሊቃውንት ጸር ነው፤ የአየሩን ሁከት የሚያርም ሌላ ብልሃት ካልታከለበት በቀር፣ 8 ሜትር የሚሰፋ መስተዋት ያለው ቴሌስኮፕ እንኳ ብርሃን አብዝቶ ይሰበስብ እንደሆነ እንጂ፣ ረቂቁን ለይቶ በማሳየት 20 ሳንቲ ሜትር ከሚሰፋው እምብዛም አይበልጥምና።

መድኃኒቱ በረጃጅም ተራሮች ራስ ላይ የሚገኘው የረጋ አየር ሊሆን እንደሚችል ኢሳቅ ኒውተን አስቀድሞ አመልክቶ ነበር፤ ይህንኑ በተግባር ለመፈተን ቻርልስ ፒያዚ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1856 ቴሌስኮፑን አስጭኖ የተነሪፍን ተራራ ወጣ። ይሁን እንጂ ነፋስ ጠርዙን ሲመታ አየሩ የሚታወክ ተራራም አለና፣ ከፍታ ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ስለዚህ የየተራራው አየር በመሣሪያ ሊለካ ይገባል፤ መለኪያውም ሲያዩት የሚናቅ ነው። የአንድ ትንሽ ቴሌስኮፕ አፍ በክዳን ይደፈንና በክዳኑ ላይ ሁለት ክብ ቀዳዳዎች ይበጃሉ፤ ባንደኛው ቀዳዳ ላይ ብርሃንን በጥቂቱ የሚያዘነብል የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ብርጭቆ ስለሚገጠም፣ አንዱ ኮከብ በካሜራው ላይ መንታ ሆኖ ይታያል። ነፋስ ቱቦውን ቢያንቀጠቅጠው፣ ወይም ኮከቡን የሚከተለው ሞተር ቢሳሳት፣ ሁለቱ ምስሎች አብረው ስለሚሄዱ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለወጥም፤ አየሩ ሲታወክ ግን ሁለቱ ጨረሮች በየራሳቸው መንገድ ስለሚመጡ ምስሎቹ አንዴ ይቀራረባሉ፣ አንዴ ይራራቃሉ። የራሱን ድካም ከቃሉ ለይቶ የሚያስቀር ምስክር በሰውም ዘንድ ብዙ አይገኝ! እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ለጥቂት የሰከንድ ሺኛዎች ብቻ እየተነሣ የርቀቱ መለዋወጥ ይሰላል፤ ልኩም አንዱ ዲግሪ ለ3600 ሲከፈል በሚገኘው ክፋይ ይነገራል፤ አንድ ክፋይ ያልሞላ ሁከት ያለበት ሌሊት መልካም ሌሊት ነው። ሁከቱ በየትኛው ከፍታ እንዳለ ግን መንታው ኮከብ አይናገርም።

ማርክ ሳራዛንና ፍራንሷ ሮዲዬ ስለዚህ መሣሪያ የጻፉትን ጥናት ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን፣ የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ ለአራቱ ታላላቅ ቴሌስኮፖቹ በቺሊ የአታካማ ምድረ በዳ ያለውን፣ ከ2600 ሜትር በላይ ከፍ የሚለውን ፓራናል የተባለ ተራራ የመረጠው በዚያው ዓመት ነው። ቴሌስኮፖቹ ሥራ ከጀመሩ በኋላ ግን መለኪያው አየሩ ከፋ እያለ ሲመሰክር፣ የታላላቆቹ ምስል ከቃሉ ይልቅ የጠራ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ሲመረመር፣ መሬቱን ተጠግቶ የሚያልፍ ስስ የታወከ አየር፣ ዝቅ ካለ ማማ ላይ የቆመውን መለኪያ ሲያገኘው ከእርሱ ከፍ ብለው የሚከፈቱትን ታላላቆቹን ሳይነካ የሚያልፍ ሆነ። ስለዚህ የሁለት ተራሮችን አየር የሚያወዳድር ሰው ከቁጥሩ አስቀድሞ መሣሪያው ከመሬት ስንት ሜትር ከፍ ብሎ እንደ ቆመ ሊጠይቅ ይገባዋል።